ከነመውደቄ

ዓይኔን ስገልጥ አንድ የማላውቀው ወንድ አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ለኩሶ ተንበርክኳል። ሳላስብ በጥፊ አጮልኩት።

«ኧረ እህቴ! ላነቃሽ እኮ ነው!» አለ ጉንጩን ይዞ።

«በእሳት ነው የሚነቃው? ቅንድቤን ልታነደው ነበር!»

ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ከአቃቂ ተሳፍሬ፣ መቀመጫ አጥቼ፣ ቆሜ እየሄድኩ ሳለ ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ነኝ። መውደቅ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነብኝ የሰውየው አስተያየት ነው። በጥፊ የተመታ ሰው ይቆጣል እንጂ እንዲህ በስስት ያያል እንዴ?

የወደቀ ኮፍያውን አንስቶ አራገፈ። የባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር።

«የሚጥል በሽታ አለብሽ እንዴ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የለብኝም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን ባውቅ ኖሮ እዚህ ምን እሠራለሁ? ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው!»

እጁን ዘረጋልኝና በራሱ መቀመጫ ላይ አስቀመጠኝ። ከሄደ በኋላ እፎይ ስል፣ እያፈረ ተመልሶ መጣ።

«ይቅርታ... ትኬትሽን አላየሁም።»

«ከጥፊውም በኋላ ትኬት?»

«ሥራዬ ነዋ!» አለና ሳቀ። ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። አምባው ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙን በሆዴ ስደጋግመው ነው የሰነበትኩት።

እኔ ጠጄ ጉተማ እባላለሁ። ጊዜው የደርግ ነው። አባቴ ጉተማ የአቃቂ ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸው ለፋብሪካ ሲወሰድ እዚያው መሬት ላይ ለተሠራው ፋብሪካ ዘበኛ ሆኑ። እኔም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብቼ ከፈትል ማሽን ፊት ስቆም እውላለሁ። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች፣ ቤታችን ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን።

መውደቅ የጀመርኩት ማሽኑ ፊት ነው። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳለ ወደቅሁ። «አየሽ፣ ሰይጣኑ ቅዳሴ ሲሰማ ነው የሚጥላት» አሉ ጎረቤቶቼ። ከዚያ ደግሞ ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ወደቅሁ። ቀበሌው ሰይጣን ያስለቅቃል ያለ ሰው ግን አልሰማሁም! ጠበል ተጠመቅሁ፤ ከልቤ አምኜ ነው የተጠመቅሁት፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ችግሩ፣ የጠበሉም ተራ ሲጠበቅ በቁም ነው።

ሐኪሞቹም ከጎረቤቶቼ አልተሻሉም። አንዱ ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አዘዘልኝና በቁሜ ማሽኑ ሊበላኝ ነበር። ሁሉም አልጋ ላይ ያስተኙኛል፣ ክንዴን ያስሩና ይለካሉ። «ግፊትሽ የሚያስቀና ነው» ይሉኛል። አምባውን ባገኘሁበት ቀን የሄድኩበት ሐኪም ደግሞ ጨርሶ አላየኝም።

«ጭንቀት ነው። አግቢ፣ ይተውሻል» አለኝ።

«ባልየውን ከየትኛው ፋርማሲ ነው የምገዛው?» አልኩት።

ከክፍሉ አስወጣኝ።

ማታ ስመለስ ለአምባው ይህን ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠና «ጭንቀት አይመስለኝም» አለ። «እኔ በጥፊ ስትመቺኝ የተጨነቀ ሰው አላየሁም።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር መቀመጫ ይይዝልኛል። ሰዉ «የዘመድ ሥራ ነው» እያለ ቢያጉረመርም፣ እሱ ምንም እንዳልሰማ ያልፋል። አንዳንዴ ትኬቴን ሲቀበለኝ ጣቶቻችን ይነካካሉ፤ ያን ቀን ፋብሪካ ስገባ ክር ሁሉ ይበጠስብኛል። እንደምወደው ያወቅሁት ግን ሌላ ቀን ነው። አቃቂ ጣቢያ ስወርድ ዓይኔ ሲጨልም እሱ እጄን ይዞ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ንጹሕ ዩኒፎርሙን ለብሶ!

«ይቆሽሽብሃል እኮ» አልኩት።

«ይቆሽሻ!» አለ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ጣቢያ፣ ከትኬት መሸጫው ጎን አቁሞኝ... ይቅርታ፣ አስቀምጦኝ፣ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ነገረኝ። ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ግን ንግግሩን አልጨረሰም ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ... ለእማዬ ስለ መውደቅሽ አንንገራት። አባትሽም ለሽማግሌዎቹ ምንም አይበሉ። ከተጋባን በኋላ ቀስ ብለን እናስረዳታለን።»

«ቀስ ብለን? ምራትዋ ወጥ ቤት ውስጥ ስትዘረር ነው ቀስ ብለህ የምታስረዳት?»

«ጠጄ፣ እናቴን አታውቂያትም። የሚጥል በሽታ ነው ብላ ካሰበች ‹ሞቼ ነው ቆሜ› ነው የምትለው...»

«እኔ የኮንትሮባንድ ዕቃ ነኝ እንዴ ደብቀህ የምታስገባኝ?» ድምፄ ጣቢያውን አናጋው። «ስማ አምባው! የያዘኝን ነገር ስሙን ሳላውቅ፣ ስሙንም ለእናትህ በአፌ ሳልነግር፣ ሽማግሌ ደጃችን እንዳይደርስ!»

ፊቱ ተለወጠ። «ሽማግሌ አትላክ ነው የምትይኝ?»

«አዎ!»

ኮፍያውን አደረገና ሄደ። በሚቀጥለው ጉዞዬ መቀመጫዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ትኬቴን የጠየቀኝም ሌላ ተቆጣጣሪ ነው። ከዚያም በኋላ አልመጣም። በሽታዬን ሸሽቶ ነው አልኩ። ለብቻዬ አለቀስኩ፣ ተናደድኩ፣ ደግሞ አለቀስኩ።

አባቴ አንድ ቀን ጠዋት አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ሆዳቸው ሲባባ «ልጄ» የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው። «ይብቃሽ። ሐኪሞቹም አላወቁትም። ከእኔ ጋር ኑሪ።»

«አባባ፣ አላወቁትም ማለት የለም ማለት አይደለም። የሚያውቀው ሰው አንድ ቦታ አለ።»

የሚያውቀው ሰው እንዳለ የነገረችኝ አዲስ አበባ በምመላለስበት ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ የአንጎልና የነርቭ ሐኪም አለ፤ ግን እሱ ዘንድ የሚያደርሰው ሪፈር ነው። ሪፈሩን የሚጽፈው ደግሞ ያ «አግቢ» ያለኝ ሐኪም!

«ለማዞር ሪፈር አይጻፍም» አለኝ።

«እሺ። እስኪጻፍ እዚሁ እቆማለሁ።»

«ውጪ ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም። እቆማለሁ!»

ጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆምኩ። ሌላ በሽተኛ ገባ፣ ወጣ፤ ሌላም ገባ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። እንደምወድቅ አውቃለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመውደቅ ብዬ ቆምኩ። ላብ ሲያጠምቀኝ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ነጣ...» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ ሪፈሩ ተጽፎ ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ዶክተር ታደሰ ሸበቶና ቀጭን ሰው ናቸው። ቀጠሮዬ የደረሰው ከብዙ ወራት ጥበቃ በኋላ ነው። ያመጣኋቸውን ውጤቶች አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስትወድቂ ምን እየሠራሽ ነው?»

ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ቆሜ ነው!» አልኩ። «ማሽን ፊት ቆሜ፣ ቅዳሴ ቆሜ፣ ሰልፍ ቆሜ። ተቀምጬ ወድቄ አላውቅም!»

«ግፊትሽን ቆመሽ የለካሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«በይ እኛ እንለካለን። መጀመሪያ ትተኛለሽ፣ ከዚያ ሳትንቀሳቀሺ ትቆሚያለሽ። ከኋላሽ የሚቆም ሰው ያስፈልገኛል። አስታማሚሽን ጥሪልኝ።»

«ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

«እንዴ? ኮሪደሩ ላይ ኮፍያውን የሚያሽከረክር ልጅ ስምሽን ሲጠይቅ ነበር እኮ።»

በሩ ሲከፈት አምባው ቆሟል። ከስቷል፣ ጠቁሯል። ልቤ ዘለለች፤ አፌ ግን ሌላ ነው የተናገረው።

«እሱን አልፈልግም!»

«ሌላ ሰው አለሽ?» አሉኝ ዶክተሩ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ምርመራው እስኪያልቅ ታረቁ።»

ተኝቼ ለኩኝ፤ እንደ ወትሮው ደህና ነው። ከዚያ ተነስቼ ቆምኩ። አምባው ከኋላዬ ሆነ። ዶክተሩ ክንዴንም የልብ ምቴንም እየተከታተሉ «እኔ አሁን እስክል እንዳትይዛት» አሉት።

ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ሲያስፈልገኝ ያልነበረ ሰው፣ አሁን ደግሞ አጠገቤ ሆኖ እንዳይነካኝ ታዝዟል።

«ለምን ጠፋህ?» አልኩት ሳልዞር።

«ወደ ድሬዳዋ መስመር አዛወሩኝ...»

«አታውሩ!» አሉ ዶክተሩ።

ልቤ እንደሚሯሯጥ ሰው መምታት ጀመረች። እግሬ ከበደ። ጆሮዬ ጮኸ።

«ዶክተር፣ እየወደቀች ነው!» አለ አምባው።

«አውቃለሁ። ገና ነው።»

«ልያዛት?»

«ተወኝ!» አልኩ ጥርሴን ነክሼ። «ይለካ! እንዳትነካኝ!»

ግድግዳው ራቀብኝ። «አሁን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወለሉ ሳይሆን ሁለት ክንዶች ተቀበሉኝ።

ስነቃ ተጋድሜያለሁ። ዶክተሩ እግሬ ሥር ትራስ እየደራረቡ ፈገግ ብለዋል።

«ጎበዝ! ይኸውልሽ፣ ስንቆም ደማችን ወደ እግር ይወርዳል። ወደ ላይ የሚመልሰው ሳናዘው በራሱ የሚሠራ ነርቭ ነው። ያንቺ ነርቭ ይለግማል። ልብሽ ጉድለቱን ልትሞላ ትሮጣለች፣ ትሮጣለች፤ ሲያቅታት ትወድቂያለሽ። የሚጥል በሽታ አይደለም። እብደትም አይደለም።»

«ሰይጣንስ?»

«እሱን ቄሱን ጠይቂ። በእኔ መሣሪያ አልታየም።»

«ይድናል?»

መነጽራቸውን ጠረጉ። «ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለኝም፤ አልዋሽሽም። ግን ትኖሪበታለሽ። ውኃ በብዛት ጠጪ። ግፊትሽ ስለማይበዛ ጨው ጨምሪ፤ ይህን ለአንቺ ነው የምለው፣ ለጎረቤት እንዳታዢ። ጎንበስ ብለሽ በድንገት አትነሺ። ሲያጨልምብሽ ባለሽበት ተጋደሚ፤ እግርሽን ከፍ ያድርጉልሽ። ቀና የሚያደርግሽ ሰው ግን እየጎዳሽ ነው። አሁን ደግሞ የልብ ሐኪም ይይሽ፤ ደምሽም፣ ስኳርሽም፣ ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢም ትታይ። ይህን የሚመስል ሌላ በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥ አለብን።»

አለቀስኩ። አይድንም ተብሎ በደስታ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ሁሉ ሰው እብድ ሲለኝ፣ ሰነፍ ሲለኝ፣ እኔ ግን እውነቴን ነበር!

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን አምባው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሽማግሌ አትላክ ስትዪኝ... ሌላ ሰው ያለሽ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን ድሬዳዋ መደቡኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ሄድኩ። ግን አልቻልኩም። ስመለስ አባትሽ ጋ ሄድኩ። ዛሬ እዚህ እንደሆንሽ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«እኔ ደግሞ በሽታዬን የሸሸህ መስሎኝ...»

«ሌላ ሰውስ አለሽ?»

«አንተ ጅል! መቀመጫ የሚይዝልኝ ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

እጄን ያዘ። ነርሶቹ ሲያልፉም አልለቀቀኝም።

የቀሩት ምርመራዎች ሁሉ አለቁ፤ ልቤም ደሜም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካው በዶክተሩ ደብዳቤ ወደ ቁጭ ብሎ መሥሪያ ክፍል አዛወረኝ። አምባው ለእናቱ ሁሉንም፣ የዶክተሩን ምክር እንኳ ሳያስቀር፣ ነገራቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «የምትወድቅ ሚስት ለልጄ አላመጣም።»

«ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም» አለኝ አምባው። «እኔ አንቺን ነው የማገባው።»

«መጀመሪያ ያናግሩኝ» አልኩት።

እናቱ ቤት፣ ሳሪስ አቦ ሄድኩ። ሴት ልጅ ሽማግሌ ሳይሄድላት የወንዱ ቤት አትሄድም፤ አውቃለሁ። ሄድኩ! እማማ አስካለማርያም ነጠላቸውን ተከናንበው በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ተቀመጪም አላሉኝም።

«እማማ፣ ቆሜ ብዙ መቆየት ስለማልችል ልቀመጥ» ብዬ ራሴ ተቀመጥኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ደፋር ነሽ።»

«ነኝ። ሰው ነግሮዎት ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው። የሚጥል በሽታ የለብኝም። በሽታዬ የነርቭ ነው፤ ዕድሜ ልኬን አብሮኝ ይኖራል። እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ። ልጅዎን እወደዋለሁ። ደብቆ ሊያገባኝ ሲል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ምስሩን መልቀም አቆሙ። «አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ። የሚወስደኝ ከነመውደቄ ይውሰደኝ።»

«ጎረቤት ምን ይላል?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ሰፌዱን አነሱ። «ሽማግሌው ይሂድ። ልቤ ግን ገና አልተቀበለሽም። ውሸት እንዳይሆንብኝ ነው የምነግርሽ።»

«ይሁን እማማ። ውሸት ካልሆነ ይበቃኛል» አልኩ። ወጥቼ መንገድ ላይ ግን እንባዬ አስቸገረኝ።

ሠርጋችን ቀን ሳሪስ አቦ ያለው ድንኳን ሞላ። እማማ አስካለማርያም አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ሙሽሮች የወላጅ ጉልበት የሚስሙበት ሰዓት ደረሰ። አምባው ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለ።

«ጎንበስ ብለሽ ስትነሺ ያዞርሻል። ከንፈርሽን ወደ እጃቸው አስጠጊ፣ ይበቃል። እማዬም ይቅርባት ብላለች።»

«ሙሽራ ሁሉ የሚስመውን እኔ ለምን ይቀርብኛል?»

«ጠጄ፣ ሰው ሁሉ ፊት...»

«እስማለሁ!»

የአባቴን ጉልበት ሳምኩ፤ ቀስ ብዬ ተነሳሁ፤ ደህና ነኝ። የእማማ አስካለማርያምን ጉልበት ሳምኩ። ቀና ስል ድንኳኑ ዞረ። አምባው ሲይዘኝ ተሰማኝ፤ ከዚያ ጨለማ ሆነ።

መጀመሪያ የተመለሰልኝ ጆሮዬ ነው። እልልታው ቆሟል። «ብለን ነበር እኮ!» ትላለች አንዷ። «ቀና አድርጓት! አስቀምጧት!» ይላል ሌላው። ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲረባረብ ይሰማኛል። የፈራሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረሰ። ዓይኔን መግለጥ አልፈለግሁም።

«ማንም እንዳይነካት!»

የእማማ አስካለማርያም ድምፅ ነው። ድንኳኑ ጸጥ አለ።

«ቀና አይደረግም! እናንተ ልትገድሏት ነው?»

ዓይኔን ገለጥኩ። አማቴ ያን አዲስ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት እግሮቼ፣ ከነአቧራማ ጫማዬ፣ ጭናቸው ላይ ናቸው። በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘዋቸዋል።

አፈርኩ። የሳምኩት ጉልበት ላይ ጫማዬን ላሳርፍ? ላወርደው ስል ቁርጭምጭሚቴን ጭምቅ አደረጉት።

«እማማ፣ ነውር ነው...»

«ዝም በይ! ነውሩን እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። እንባቸው ይወርዳል። ከዚያ ወደ ሠርገኛው ዞሩ። «ምን ታያላችሁ? ሙሽራ አይታችሁ አታውቁም? ምራቴ ናት! አሁን ትነሳለች። እልል በሉ!»

እልልታው እኔ ተጋድሜ ሳለሁ ቀለጠ። አምባው እጄን ይዞ ከጎኔ መሬት ላይ ነው፤ አባቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔም ለመነሳት አልቸኮልኩም።